በጀብራ ግድግዳ ላይ የተሳለችው ሜላት

ስለ ሜላት ሁለት ወሬ ነበር። አርማጭሆ ያሉት እናቷ ወይዘሮ ማዘንጊያ ልጃቸው ካርቱም ውስጥ መሞቷን፣ ነጠላ ለብሳ የተጋደመችበትንም ፎቶ በዓይናቸው ማየታቸውን ይናገሩ ነበር። እዚያው ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ያለነው ደግሞ ሜላት ለቴአትር ልምምድ እንደ መጣች፣ ፉሏን በልታ፣ ከእኛ ጋር ስቃ እንደ ሄደች እንናገር ነበር።

ወሬው በተሰማ ሳምንት ወደ ልምምዱ ስሄድ ጋሽ በየነን አንድ ግድግዳ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ካርቱም ያረጁ፣ ጀብራ ውስጥ ዱካን የሚሉት ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ግድግዳው ላይ የሱዳን አብዮት ሰማዕታት ተስለዋል። ከመካከላቸው ዓይኖቿ የተከደኑ የሜላት ፊት አለ። ከሥሯ አንድ ሰው አበባ አኑሮላታል።

«ቁርጥ እሷን!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚህ ስቆም ጀርባዬን ይበርደኛል። በዚህ ሐሩር!»

«ፎቶውን ያነሱት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

በቴአትሩ ሜላት ሬሳ ሆና ትተኛለች። ጋሽ በየነ ልምምዱን ሊያዩ መጥተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ አንስተዋት ለወዳጆቻቸው ላኩ። ተቃዋሚዎቹ ከአደባባይ በኃይል በተበተኑ ዕለት ያ ፎቶ ከሟቾቹ ፎቶዎች ጋር ተቀላቅሎ ዞረ። ወዲያው ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወሬው አመለጠ፤ ማስተባበያው ቀረ።

«ወላሂ ለክፋት አይደለም» አሉ። «እንደ ልጄ ናት፤ አምራኝ ነው ያነሳኋት። ደግሞ ፎቶ ሰው ይገድላል እንዴ? እናንተ የተማራችሁ ልጆች ነገር ታበዛላችሁ!»

«እርስዎ በወጣትነትዎ ፎቶ ሲነሱ እንዴት ነበር?»

ፈገግ አሉ። «የጓደኛዬን ኮት ተውሼ ነዋ! ፎቶ አንሺው ‹ቀና በል፣ አትተንፍስ› ይላል። እኔም ጢሜን አስተካክዬ…»

«አዩ፣ እንደሚነሱ ያውቁ ነበር። ለእናትዎ የሚላከውን የመረጡትም እርስዎ ነዎት። ሜላት ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር።»

«ብጠይቃት እኮ እሺ ትለኝ ነበር» አሉ።

«እምቢስ ብትል?»

«ቅር ይለኛላ! ሽማግሌን እምቢ ማለት ደግ ነው?»

«ቅሬታው በእርስዎ ይቀር ነበር፣ ጋሼ። ይሄኛው ለቅሶ ግን አርማጭሆ ደርሷል።»

ወደ ልምምዱ አዳራሽ ስሄድ ተከትለውኝ መጡ።

አዳራሹ መብራት አልነበረውም። ሜላት ሬሳ ሆና በምትተኛበት የገመድ አልጋ፣ በአንገሬቡ ላይ ተቀምጣ ስልክ ትሞክራለች። ተቋርጦ የነበረው ተራው የስልክ መስመር ያን ጊዜ ገና መመለሱ ነበር። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሜላት ነኝ።»

ከዚያ የወይዘሮ ማዘንጊያ ድምፅ ከጨለማው መሃል መጣ። «የልጄን ድምፅ ይዘሽ የመጣሽ፣ አንቺ ማነሽ? ተይኝ። እኔ ልጄን አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

መስመሩ ተዘጋ። ሜላት የራሷን ክንድ በሌላው እጇ ስትጨብጥ አየኋት፤ መኖሯን የምታረጋግጥ ትመስል ነበር።

ጋሽ በየነ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። «ኸላስ፣ በቃ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ስገባ ስልኬን በር ላይ አስቀምጣለሁ። ሌላውም እንዲሁ ያድርግ። ሰው ሳይጠየቅ አይነሳ፤ ፎቶው የት እንደሚሄድም ይነገረው።»

ይህ ደንባችን ሆነ፤ ጥቅሙንም አይተናል። ልምምድ ገና ያልበሰለ ሥራ ነው፤ ተዋናይ ይሳሳታል፣ ይወድቃል፣ አስቀያሚ ሆኖ ያለቅሳል። ካሜራ ካለ ፊቱን ይጠብቃል። ስልኮቹ በር ላይ ከቀሩ በኋላ ዓይናፋሯ እፀገነት እንኳ ጮኻ ማልቀስ ቻለች። ፈቅደው የሚነሱትም በፎቶው ይኮሩበታል እንጂ አይሸሹትም።

ያን ቀን ግን ጋሽ በየነ ወደ አንገሬቡ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ነገ ወደ መተማ የሚሄድ ሹፌር አውቃለሁ። ዓይንሽን ገልጠሽ፣ ቆመሽ ላንሳሽና ፎቶውን ለእናትሽ ያድርስላቸው? እምቢ ብትዪም ቅር አይለኝም።»

ሜላት ነጠላውን ከአንገሬቡ ላይ አነሳችና በዝግታ አጠፈችው።

«አያንሱኝ፣ ጋሽ በየነ» አለች ሁላችንም እየሰማናት። «እማዬ ያለቀሰችኝ ፎቶ አይታ ነው፤ ሌላ ፎቶ አታምንም። ከሹፌሩ ጋር እኔው እሄዳለሁ፤ በእጇ ትዳብሰኝ።»