የገመቹ ቀኝ እጅ

ልጄን ገመቹን ነቀምቴ ትምህርት ቤት ያስገባሁት በንጉሡ ጊዜ ነው። አማርኛ ገና አያውቅም። ከዲጋ ስንመጣ መንገድ ላይ የመከርኩት አንድ ነገር ነው፤ «አስተማሪ ፊትህ ሲቆም ዓይንህን ወደ መሬት አድርግ።» እኛ ዘንድ ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ልጅህ ወድቋል ብለው አስጠሩኝ። ብደርስ ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። የስፖርት አስተማሪው፣ ከሸዋ የመጣ ጎረምሳ፣ ተቆጥቶ ጠበቀኝ።

«አማርኛዬን አይሰሙም ብዬ የስፖርት መዝለያውን ሣጥን ሦስት ጊዜ ራሴ ዘልዬ አሳየኋቸው። ሌሎቹ አይተው ዘለሉ። ያንተ ልጅ መሬት መሬቱን ያያል! ተራው ሲደርስ እጁን የት እንደሚያሳርፍ መች አውቆ? ምን ዓይነት ንቀት ነው?»

«ንቀት አይደለም፣ ጌታዬ» አልኩት። ሌላ አማርኛ አልመጣልኝም።

ወጌሻ ቢያሸውም ክንዱ ጎብጦ ቀረ። እርሳስ መያዝ አቃተው፤ ትምህርቱንም ተወ። አንድ ቀን እንደ ዋዛ፣ «አባኮ፣ አስተማሪው ሲዘል ላየው በጣም ፈልጌ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ምነው አላየህ?»

«አባቱ ያልቀጣው ነው ብለው አንተን እንዳይሰድቡብኝ ነዋ።»

ቢሰድቡኝ ምን እሆን ነበር?