ለአንድ ፕሮግራም ብቻ

(በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ ረፋድ ላይ፤ የመዝገብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ትርንጎ ሊኑክስ በተባለ ሥርዓት የሚሠራ፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል፤ የኮምፒውተር ባለሙያው ሚልኪያስ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል።)

ሚልኪያስ፦ እትዬ ትርንጎ፣ ዛሬ ሲጠሩኝ ይኸ ሰባተኛዎ ነው!

ትርንጎ፦ መልክህ ናፍቆኝ መሰለህ? ይኼ የስካነር ፕሮግራም አምስት ገጽ ባነሳ ቁጥር ይዘጋል። ልክፈተው ስል የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አምጪ ይላል። እሱ ደግሞ እንደ ታቦት አንተ ራስ ላይ ብቻ ነው።

ሚልኪያስ፦ ነዋ! በዚያ ቃል ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ይቻላል። ለሁሉ ከታደለ ምኑን ቁልፍ ሆነው?

ትርንጎ፦ ቃሉን ስጠኝ ማን አለህ? ይኼ ፕሮግራም ብቻ፣ ለእኔ ብቻ፣ ሳይጠይቅ እንዲከፈት ፈቃድ ጻፍበት ነው ያልኩህ። ሌላው እንደተቆለፈ ይቆይ።

ሚልኪያስ፦ እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ማን ነገረዎት?

ትርንጎ፦ መመሪያው። ጠረጴዛህ ላይ አቧራ ሲጠጣ የከረመው።

ሚልኪያስ፦ ጉድ እኮ ነው! ዕድሜ ልክዎን መዝገብ በክር ሲያስሩ ኖረው ዛሬ ሊኑክስ ሊያስተምሩኝ?

ትርንጎ፦ በክር ካሰርኩት አንድም አልጠፋም። አንተ በቁልፍህ ያሰርከው ግን ሰው ነው።

ሚልኪያስ፦ የምን ሰው?

ትርንጎ፦ የዚህ መዝገብ ባለቤት፣ እስረኛው። ይግባኙ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይታያል። መቶ አርባ ገጽ ነው፤ ገና ሠላሳውን ነው ያነሳሁት። ካልደረሰ ሦስት ወር ቀጠሮ ይሰጠዋል። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ሂድና «ደንብ ነው» በላት።

ሚልኪያስ፦ እኔ ምን ላድርግ? በር አንዴ ከተከፈተ ጅብ ይገባል።

ትርንጎ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!

ሚልኪያስ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ትርንጎ፦ ቃልህን በሁለት ጣት እየለቀምክ፣ ከንፈርህን እያንቀሳቀስክ ነው የምትጽፈው። የእጮኛህ ስም፣ ከዚያ የተጫጫችሁበት ዓመት። ከሚያዝያ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሚልኪያስ፦ ...ታዲያ ለምን አልከፈቱበትም?

ትርንጎ፦ ያልተሰጠኝን ቁልፍ ነክቼ አላውቅማ! በደንቡ ክፈትልኝ ብዬ የምለምንህም ለዚሁ ነው።

ሚልኪያስ፦ አሁኑኑ እቀይረዋለሁ!

ትርንጎ፦ ቀይረው። እስከ ምሳ ሰዓት ስትመላለስ አዲሱንም ታስጠናኛለህ።