ለአባ አይቸው ጆሮ ብቻ

ካሴት ገና በነገሠበት በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ በእስራኤሏ ከተማ በሐደራ ገበያ ሰው ሁሉ ለሰንበት ሲጋፋ አባ አይቸው ብቻ ምንም አልገዙም። ሊሞት ለተቃረበ ሰው ሽንኩርት ምን ያደርግለታል ብለው ነው። ባዶ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ሲወጡ፣ አንድ ሣጥን እንደ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልሎ በጋሪ ከሚገፋው ከዮራም ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ።

ዮራም ጎንደር ሲወለድ ማንያዘዋል ነበር፤ እዚህ በደረሰ ሰሞን አንዲት ጸሐፊ ስሙ ከብዷት ቀየረችለት። አሁን ከሠራዊት ተመልሶ በየሠርጉ ዘፈን የሚያጫውት ዲጄ ሆኗል።

«ማንያዘዋል፣ ያ ነገር ነው?» አሉ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው።

«አዎ፣ ሚክሰሩ፣ ድምፅ ማደባለቂያው ነው። እንደምን አረፈዱ አባ አይቸው? ለሺሪ ሐቱና፣ ለሠርጓ፣ እያሰናዳሁት ነው።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ በልጅ ልጄ ሠርግ ላይ አይቆምም። ትንሽ ታገሡኝ፤ ብዙም አልቆይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር በጎረቤታቸው ልጅ በቢንያሚን ሠርግ እስክስታው ሲግል፣ ከከበሮው መሐል አንዲት ሴት «አይቸው» ስትል በድምፅ ማጉያው ተሰማ። ድምፁ አገር ቤት ቀርታ የሞተችው የእህታቸው የደጅቱ ነበር። አባ አይቸው ሳያስቡት «አቤት» አሉ። በወጋቸው ደግሞ ጠሪው ሳይታይ ስም ሲጠራ፣ እስኪደገም ዝም ይባላል፤ ሙት ሁለተኛ አይጠራምና። አቤት ያለ ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ እሳቸው ነጭ ኩታቸውን አሳጥበው፣ አጣጥፈው፣ ሞታቸውን ይጠብቃሉ።

«ካሴቱን በቢንያሚን ሠርግ ካጫወተው ዲጄ ተቀብዬዋለሁ» አለ ዮራም። «ከእርስዎ ቤት የሄደ ነው። ከጎንደር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ላይ የቤትዎ ልጆች ዘፈን ቀዱበት፤ ዘፈኑ ግን የታችኛውን ድምፅ ጨርሶ አላጠፋውም።»

«ደብዳቤውስ የእሷ ነው። መርዶዋን ከሰማሁ በኋላ ነው የደረሰኝ። መስማት አቅቶኝ ሣጥን ላይ ተውኩት። ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ስሜን ለይቶ ያወጣው ማን ነው? መሣሪያችሁ አይደለም?»

«መሣሪያው የሰጡትን ነው የሚያወጣው።»

«ጠንቋይም እንዲሁ ነው የሚለው።»

ዮራም ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«በሴደር፣ ይሁን። ግን የቀረውን ቃል ሳይሰሙ ለምን ይሞታሉ?»

 አባ አይቸው ባዶ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ጋሪውን ተከተሉ።

ነቬ ሐይም ሰፈር ደርሰው ከአንድ ሕንፃ ሥር ወደ ሚቅላቱ ወረዱ። ሚቅላት ለጦርነት የተሠራ መጠለያ ነው፤ ጦርነት ሲጠፋ ጎረምሶች ዘፈን ይለማመዱበታል። የብረቱ በር ሲዘጋ የመንገዱ ድምፅ በቢላ እንደ ተቆረጠ ጠፋ። ግድግዳው ያልበዋል። አባ አይቸው መቃብራቸውን አስቀድመው ያዩት መሰላቸው።

«ይሄ ወደ አዳራሹ ማጉያ የሚወጣው ነው፤ ይኸው ዘጋሁት» አለ ዮራም። «ይሄ ወደ መቅጃው የሚሄደው ነው፤ ማጉያው ቢዘጋም እሱ ይቀዳል። ማይክራፎኑም ዝግ ነው። ይሄ ደግሞ» ብሎ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፋላቸው፣ «ለጆሮ ብቻ። ዲጄ ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት በዚህ ያዳምጣል። ያኛው ቢያዳምጥ ኖሮ ሠርጉ አይደነግጥም ነበር።»

«እኔ ብቻ ልሰማት?»

«እርስዎ ብቻ።»

አባ አይቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ግጥም አድርገው ያዙ። ዮራም ካሴቱን ለቀቀ። ትንንሾቹ መብራቶች አረንጓዴና ቀይ እያሉ ዘለሉ፤ ክፍሉ ግን ጭር እንዳለ ነው። ዮራም የወፍራሙን ድምፅ ቁልፍ ወደ ግራ ሲያዞር፣ ከበሮው እንደሚርቅ ሰው ኮቴ እየሳሳ ሄደ። ቀጭኑን ቀነሰ፤ የመሐሉን ከፍ አደረገ። ከዘፈኑ ሥር፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ፣ ደጅቱ ተናገረች።

«አይቸው... እንዳትጠብቀኝ። እኔ ከዚህ ወዲያ አልችልም። የልጆቹን ሠርግ እኔን እያሰብክ አታጨልመው። ጨፍርልኝ።»

እንባቸው በእጃቸው ላይ ወረደ። እጃቸውን ያነሡት ካሴቱ ከቆመ በኋላ ነው።

«ለካ እየጠራችኝ አልነበረም» አሉ። «እያሰናበተችኝ ነው።»

«የቀረውን ከበሮው ሸፍኖት ነው።»

«እንግዲያው ሚክሰርህ ለሺሪ ሠርግ ይምጣ። እኔም ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ። የድምፅ ደብዳቤ ላይ ዘፈን አይቀዳ፤ የሞተ ሰው ድምፅ በሌላ ካሴት ተገልብጦ ይቀመጥ፤ ለሠርግ የሚመጣ ካሴት ሁሉ አስቀድሞ ይደመጥ። ኋላ ሙሽሮች አይደነግጡም፣ ሐዘንተኛም በሰው ፊት አይዋረድም። እንዲያውም ይህን የጆሮ ነገር ለእኛም ስጡን፤ ስንቱን ወሬ ሳናዳምጥ ለሕዝብ ለቀናል።»

ዮራም እየሳቀ፣ ቅጂው መያዙን ለማረጋገጥ ከመቅጃው ያወጣውን ካሴት በማጉያው በቀስታ ከፈተ።

«አይቸው...» አለች ደጅቱ።

«አቤት» አለ የአባ አይቸው ድምፅ፣ ቅርብና ጥርት ብሎ።

ደጅቱም መልሱን እንደ ሰማ ሰው ቀጠለች፤ «እንዳትጠብቀኝ...»

ዮራም ማይክራፎኑን አየ። ዝግ ነው፤ ገመዱም አልተሰካም። ካሴቱን አቆመ።

«አባባ፣ አፍዎን ይዘው ነበር። አይቻለሁ።»

«ይዤ ነበር» አሉ አባ አይቸው፣ ዘንቢላቸውን እያነሡ። «እንግዲያው ያን ቀን በሠርጉ ላይ አቤት ስል ሰምታኛለች። አትፍራ ልጄ፤ መሣሪያው የሰጡትን ነው የሚያወጣው ያልከኝ አንተ ነህ። በል ተነሥ፣ ገበያው ሳይዘጋ ሽንኩርት እንግዛ።»