ጎንበስ ያለው ከንቲባ

በቀደም እዚሁ ጭሮ የቦኖ ውሃ ወረፋ ይዤ በስልኬ ዜና አያለሁ። አንድ የጃፓን ከንቲባ ካሜራ ፊት ጎንበስ ብሎ ቀረ። ከኋላዬ የቆሙት ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ አንገታቸውን አስግገው፣ «ምን ጥሎ ነው የሚፈልገው?» አሉኝ።

«ምንም አልጣለም። ውሃ ስለተቋረጠ ሕዝቡን ይቅርታ እየጠየቀ ነው።»

«ወላሂ? ለውሃ?»

«ለውሃ። ሥልጣኑንም ለቋል።»

ይሄኔ የቦኖው ጠባቂ፣ «ውሃው ሄደ፤ ነገ ኑ» ብሎ በሩን ቆለፈው። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እኛም አልተቆጣንም፤ ቁጣውም ሰልችቶናል።

«እኛ ጋስ ማን ነው ጎንበስ የሚለው?» አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

አዴ ፋጡማ ባዶ ጀሪካናቸውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉና፣ «ይኸው» አሉኝ።