በልጅግን በምን ያባርሩት

የሰበታ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ከኮንጎ የተመለሰ ወታደር ያወራሉ።

«እዚያ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?» አሉ ሽማግሌው።

«ኮንጎዎቹ ነፃ በወጡ ማግስት በልጅጎች ጦራቸውን መልሰው አስገቡ። እኛ ስንገባ እነሱ ወጡ።»

«በልጅግ? ጠመንጃው?»

«ሰዎቹ ናቸው፣ ኦቦ። ጠመንጃውን የሚሠሩት።»

«እኔ እኮ ጣሊያንን ያባረርኩት በበልጅግ ነው! ታዲያ ኮንጎዎቹ በልጅግን በምን ያባርሩት?»

«ለዚህ እኮ ነው የሄድነው። ባንሄድ ኖሮ ዛሬም አይወጡላቸውም ነበር።»

«እንግሊዝም እንዲሁ ሊረዳን መጥቶ፣ መውጫው ጠፍቶት ነበር። እናንተስ ወጣችሁ?»

«ይኸው አጠገብዎ ተቀምጫለሁ።»

«እሰይ! እንግዲያው እውነትም ረድታችኋቸዋል።»

ዓለም ገና ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ ወሬያቸውን ስሰማ እስከ ሰበታ ሄድኩ።