ፋጡማ ልጇን ልታጠባ ስትመጣ

በእኛ ጊዜማ እንዳሁኑ አምቡላንስ የለም ልጆቼ፤ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ነው። ታናሽ እህቴን ፋጡማን ከመንደራችን ከግራና ወደ መርሳ ሐኪም ቤት ይዘናት ስንወጣ መንገድ ላይ ወለደችና ደሟ አልቆም አለ፤ እዚያው አረፈች፣ አላህ ይማራት። ገና ልጅ እኮ ነበረች፤ ሳትጠና ነው የዳሯት። እና ሴት ልጇን በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ።

ታዲያ ልጅቱ የፍየል ወተት እምቢ አለች። በጥጥ ብል፣ በጣቴ ብል፣ ትተፋዋለች። የምታጠባ ጎረቤት የለ፤ እኔ መካን ናት ተብዬ የተፈታሁ ነኝ። ትሞትብኛለች ስል ወፈረች! ስሙኝማ፣ ወፈረች! ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከንፈሯ ወተት ነክቶት አገኘዋለሁ፤ ገላዋ ግን ይቀዘቅዛል፣ አፈር አፈር ይሸታል።

ታዲያ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ባይ ፋጡማ ናት። በተገነዘችበት ከፈን፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጠባለች። ደሟ ከሥሯ ይወርዳል፤ ያ ደም አሁንም አልቆመም ልጆቼ!

«ግቢ ዘይነባ፣ ቤትሽ አይደል?» አለችኝ ሳትዞር። ድምጿ ያው የራሷ፣ እንዲያው ድክም ያለ። ገባሁ።

«ፋጡማዬ፣ ልጅቱ እየቀዘቀዘችብኝ ነው። ይዘሻት ልትሄጂ ነው?»

«ታዲያ ማን ያጥባት? አባቷ እንደሁ ሌላ ሊያገባ ሽር ጉድ ይላል።»

«እኔ አለሁላት።»

«አንቺማ ደክሞሻል።»

«ደክሞኛል። አንቺም ደክሞሻል። በይ ስጪኝና ሂጂ።»

ያኔ ዞረች። ፊቷን አልነግራችሁም። ስታቀብለኝ እጇ እጄን ነካው፤ በረዶ! «እንደኔ ሳትጠና እንዳትድሪያት» አለችኝ። ከዚያ ቤቱ ውስጥ እኔና ልጅቱ ብቻ።

ልጅቱ ስታለቅስ፣ ስታለቅስ ዋለችና ወደ ማታ የፍየሏን ወተት ጠጣች። ገላዋም ሞቀ። ኋላ ጡቷ ሳያጎጠጉጥ አባቷ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ «ባል አግኝቼላታለሁ» ይላል። በሩ ላይ ቆሜ «በእኔ ሬሳ ላይ ተራምደህ!» አልኩት። ሰደበኝ፣ ሄደ። ይኸው ዛሬ ወልድያ አስተማሪ ናት።

«አልፈሩም እንዴ እማማ?»

ፈራሁ እንጂ! አሁንም እፈራለሁ። ግን እሷን አይደለም የምፈራው። መቃብር ገብቶም ልጅ ማጥባት ካለ፣ እኛ ሴቶች መቼ ነው የምናርፈው? ኪኪኪ… በሉ ደገፍ አርጉኝ፣ ልነሳ።