ከመኪናው የማይወርደው ደላላ

«ከመኪናቸው እንኳ አይወርዱም አሉ!»

ወይዘሮ ቨርና ይህን ወሬ በፀጉር ቤት ተናግረውታል፤ በመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ላይ ደግመውታል። ዛሬ ደግሞ የካቶሊኮች ጾም ወራት ዓርብ ነውና፣ በሥጋ ፈንታ ዓሣና ቢራ በሚቀርብበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ምድር ቤት አዳራሽ፣ የተጠበሰ ዓሣቸውን ይዘው ከመቀመጣቸው፣ ሹካ ሳያነሡ ወሬውን አነሡት።

«በኢንተርኔት የሚሠሩት ደላሎች ናቸዋ! ቤት አሳዩኝ ብላ የሄደችን ሴትዮ፣ ቁልፉን በመኪናው መስኮት አቀብለው ‹ግቢና እዪው› አሏት። እነሱ ቁጭ! ርካሽ ነገር እንዲህ ነው።»

«ማን ናት ሴትዮዋ?» ሲሉ ወይዘሮ በርናዲን ጠየቁ።

«የእህቴ ጎረቤት ናት፤ ወይም የጎረቤቷ እህት። አንቺ ደግሞ፣ ስሟ ምን ያደርግልሻል? እውነት ነው ብዬሻለሁ።»

ወይዘሮ በርናዲን አልተከራከሩም። ወሬው ልባቸውን አሙቆታል። ሰው ቀድሞ ያመነውን ነገር ከሌላ አፍ ሲሰማ ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን አጃቢ ብቻ ነው።

ወይዘሮ በርናዲን ጎሬኪ ቤት ፈላጊ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በአሜሪካ፣ በደቡብ ሚልዋኪ ባለው ባለ ፎቅ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ለሰው የሚናገሩት ምክንያት «ቤቱ ሰፋብኝ» የሚል ነው። እውነተኛው ምክንያት ግራ ጉልበታቸው ነው። መኝታ ቤቱም መታጠቢያ ቤቱም ፎቅ ላይ ናቸው። ከመከር ጀምሮ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛሉ፤ ገላቸውን መታጠብ ሲሹም ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ እንደ ሕፃን በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ይወጣሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ወደ አዳራሹም ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት ዓሣው ትኩስ እንዲደርሳቸው አይደለም፤ ደረጃውን ሲወርዱ የሚያያቸው እንዳይኖር ነው።

ቤት የሚፈልጉላቸው አቶ ሌስተር ኩቢያክ ናቸው። የዚያ አጥቢያ ሰው ቤት ሲገዛም ሲሸጥም ሌላ ደላላ አያውቅም። የአቶ ሌስተር ፎቶግራፍ ያለበት የቀን መቁጠሪያ በየቤቱ ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፏል፤ እሑድ እሑድ ሙዳየ ምጽዋቱን የሚያዞሩትም እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ቨርና ቢራ ሊያመጡ ሲነሡ አንዲት ወጣት መጥታ በባዶው ወንበር ተቀመጠች።

«አክስቴ! እዚህ አገኝዎታለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔ እዚህ ካልተገኘሁ የት ልገኝ? የጠፋሽው አንቺ። ቤት ከገዛሽ ወዲህ ዘመድ ረሳሽ። ለመሆኑ እነዚያ ደላሎችሽ ከመኪና ይወርዳሉ?»

ጆስሊን ሳቀች። የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ በጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። ባለፈው በጋ በኢንተርኔት በሚሠራና የድለላ ዋጋ በሚቀንስ ድርጅት በኩል ቤት ገዝታለች፤ ነገሩም በዘመዶቿ ዘንድ ከሃይማኖት የመውጣት ያህል ተወርቶባታል።

«የእኔዎቹ ይወርዳሉ። ግን መላእክት ናቸው አልልዎትም። የመጀመሪያው ቀን በር የከፈተልኝ ልጅ ማስቲካ እያኘከ መጣ፤ ማሞቂያው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። በማግሥቱ ሌላ ሰው ተላከልኝ።»

«አየሽ! በየቀኑ ሌላ ፊት! አቶ ሌስተር እኮ የባለቤቴን ሬሳ ሳጥን የተሸከሙ ሰው ናቸው።»

«እግዜር ይስጣቸው። ግን አክስቴ፣ ሬሳ መሸከም ዘመድነት ነው፤ የፍሳሽ ቱቦ ማስመርመር ደግሞ ሥራ ነው። አንዱን ያደረገ ሁሉ ሌላውን ያደርጋል ማለት አይደለም። እኔ ቅር ሲለኝ ስልክ ደውዬ ‹አንድ ሰው መድቡልኝ፤ ስሙንም ንገሩኝ› አልኩ። መደቡልኝ። እርስዎ አቶ ሌስተርን እንዲህ ብለው ያውቃሉ?»

«ምን በወጣኝ! እሳቸው ራሳቸው ጨዋ ናቸው። ቤት ሲያሳዩኝ እንኳ በሩን ይከፍቱና ‹ወይዘሮ በርናዲን፣ እንደ ልብዎ ይዩ› ብለው ውጭ ይቆያሉ። አያጣድፉኝ፣ አያዋክቡኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኔዎቹ ውጭ ቢቀሩ ስንፍና፣ እሳቸው ውጭ ሲቀሩ ጨዋነት ነው?»

ወይዘሮ በርናዲን ዓሣቸውን በሹካ ገፋ አደረጉት። ይህ ነገር ወጋቸው፤ ግን በወጣት ፊት መወጋትን መግለጥ ልማዳቸው አይደለም።

«ደግሞስ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አቶ ሌስተር እኔን ምንም አያስከፍሉኝም። የሚከፍላቸው ሻጩ ነው።»

«ሻጩ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እርስዎ ለቤቱ ከሚከፍሉት ላይ ነው እኮ። በነፃ የመሰለን ነገር ዋጋውን ስለማንጠይቅ ነው፤ ዋጋውን ያልጠየቅነውን ደግሞ ሥራውንም አንጠይቅ። ለመሆኑ ውል አስፈርመውዎታል?»

«ለእያንዳንዱ ቤት ለየብቻው አንድ ወረቀት ይሰጡኛል፤ እፈርማለሁ።»

«አንብበውታል?»

«የአቶ ሌስተርን ወረቀት? እንዴት ያለ ስድብ ነው! ፊታቸው ተቀምጬ ላነብ?»

አንባቢ እዚህ ላይ ይሳቅ፤ ግን በወይዘሮዋ ብቻ አይሳቅ። ከማናውቀው ሰው ጋር ስንዋዋል መነጽር እናወጣለን፤ ከምናውቀው ጋር ሲሆን ዓይናችንን ጨፍነን መፈረምን ክብር አድርገነዋል። ወዳጅ የሚከበረው ግን ወረቀቱ ተነብቦ፣ ሁለቱም በአንድ ነገር መስማማታቸው ሲታወቅ ነው።

ወይዘሮ ቨርና ቢራቸውን ይዘው ተመልሰው፣ ወሬውን ለጆስሊን ከመጀመሪያው ነግረው፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ቤታቸው ሄዱ። አዳራሹ ይጎድል ጀመር። ጆስሊን ኮቷን ለበሰች።

«እንሂድ፣ አክስቴ?»

«ሂጂ አንቺ። እኔ ትንሽ እቆያለሁ።»

«ከማን ጋር? ሰዎቹ ጠረጴዛ እያጣጠፉ ነው።»

ወይዘሮ በርናዲን ዙሪያውን አዩ። ሌላ ሰበብ አጡ። ተነሥተው ወደ ደረጃው ሄዱ፤ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ቀኝ እግራቸውን እያስቀደሙ ግራውን እየጎተቱ መውጣት ጀመሩ። በየእርከኑ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ጆስሊን ከኋላ ቀርታ እጇን ዘርግታ ተከተለች፤ አልነካቻቸውም። ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በላብ ተጠምቆ ነበር።

«አቶ ሌስተር ይህን ያውቃሉ?» አለች ጆስሊን በዝግታ።

«ሙዳየ ምጽዋት ለሚያቀርብልኝ ሰው ጉልበቴን ላወራ?»

«ያሳዩዎት ቤቶች ደረጃ ነበራቸው?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው ፍርዱን እርስዎ ይስጡ። የማያውቁትን ጉልበት የሚያሳርፍ ቤት ከየት ያምጡልዎት?»

ወይዘሮ በርናዲን ወደ መኪናቸው ሄዱ። ከዚያ ቁልፉን በእጃቸው እያገላበጡ «ያ ኢንተርኔት… ሰው ነው የሚያነበው ወይስ ማሽን?» ብለው ጠየቁ።

በማግሥቱ በጆስሊን ወጥ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የድርጅቱ ገጽ «በቤትዎ የግድ የሚያስፈልግዎ ምንድን ነው?» ይላል። ወይዘሮ በርናዲን በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ «ደረጃ መውጣት አልችልም» ብለው ጻፉ። ይህን ቃል ለቄስ አልተናገሩትም፤ ለወይዘሮ ቨርና አልተናገሩትም። ለማያውቃቸው ሰው መናገሩ ግን ቀለላቸው። ጽፈው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ጆስሊንም መስኮት መስኮቱን አየች።

የተመደበችላቸው ደላላ ዴዝሬ ሆልት ትባላለች። በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችው «የሚያምዎት ሲወጡ ነው ወይስ ሲወርዱም?» ብላ ነው። «የገላ መታጠቢያውን ጠርዝስ መሻገር ይችላሉ?» ወይዘሮ በርናዲን ጥያቄው ሊያስቆጣቸው ሲገባ እፎይ አሰኛቸው። ሥራዋን የሚሠራ ሰው ጥያቄ እንደ ሐኪም ጥያቄ ነው፤ አያሳፍርም።

ሁሉ ነገር ግን አልሰመረም። የመጀመሪያውን ቤት ለማሳየት የመጣው በዴዝሬ ፋንታ የተላከ ወጣት ነበር፤ ዘግይቶ መጣ፣ ስማቸውንም ተሳሳተ። የዱሮዋ በርናዲን ብትሆን «አላልኩም ነበር?» ብላ ወደ አቶ ሌስተር ቀን መቁጠሪያ ትመለስ ነበር። የአሁኗ ግን ስልክ አነሣች።

«ወይዘሮ ሆልት፣ እኔ የተዋዋልኩት ከእርስዎ ጋር ነው። የላኩት ልጅ ስለ ቤቱ ከእኔ የተሻለ አያውቅም። ሁለተኛ ካልመጡ ይቅርብኝ።»

«እውነትዎን ነው፤ ብዙ ደንበኛ ስላለብን እንዲህ ይሆናል። ለእርስዎ ግን እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

መጣችም። ወይዘሮ በርናዲን በጎረቤት ከተማ በዌስት አሊስ ካለው ቤት ደጅ ቆመው የመኪናዋን በር ተመለከቱ። ተከፈተ፤ እግሯ ወጣ። ጆስሊን ክርናቸውን ጎሰም አደረገቻቸው፤ እሳቸውም «እሺ፣ ወረደች፤ አፍሽን ዝጊ» አሏት።

ወደ ምድር ቤት መውረድ ለእሳቸው የማይሆን ስለሆነ ዴዝሬ ስልኳን ይዛ ወረደች፤ እሳቸው ወጥ ቤት ተቀምጠው በጆስሊን ስልክ አዩ። ግድግዳው ላይ የገባ ውኃ የተወው የእርጥበት ምልክት ታየ። «ይኸ የቆየ አይደለም» አለች ዴዝሬ ከታች። «ቤቱ ከላይ ያምራል፤ እኔ ግን እናቴን አላስገዛትም።» ደላላ ሽያጭ ሲያፈርስ ማየት ለወይዘሮ በርናዲን የመጀመሪያቸው ነበር። «ለጥቅሟ ብትሮጥ ኖሮ ዝም ትል ነበር» ብለው ለጆስሊን በጆሮዋ ነገሯት፤ የተረቱትም ያን ጊዜ ነው።

የገዙት ከዚያ በኋላ ያዩትን ነው። ከደጁ እስከ መኝታ ቤቱ አንድም እርከን የለበትም፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ከወጥ ቤቱ ጎን ነው። መርማሪ የፍሳሽ ቱቦውን በካሜራ አየው። ውሉን ለማስፈረም የመጣው ሌላ ሰው ነበር፤ ወይዘሮ በርናዲን ግን ወረቀቱን አስቀድመው አስልከው ከዳር እስከ ዳር አንብበው ስለነበር የመጣው ማን እንደሆነ ብዙም አልገደዳቸው። ለአቶ ሌስተር ደውለው ይቅርታ ሲጠይቁ ሽማግሌው «ደግ አደረጉ፣ ወይዘሮ በርናዲን፤ ከልቤ ነው» አሉ። በመከሩ መግቢያ ቢሯቸውን ዘግተው አሪዞና ወደምትኖር ልጃቸው ሄዱ።

ወይዘሮ በርናዲን አሁን አልጋቸው ላይ ይተኛሉ፤ ሲያሻቸው ይታጠባሉ። ሴቶቹ ሊጠይቋቸው ሲመጡም ይመክራሉ። «ኢንተርኔት ያዙ አላልኳችሁም። ማንንም ያዙ፤ ግን የሚያማችሁን ሳትደብቁ ንገሩት። ማን እንደሚመጣ ጠይቁ፤ የምትፈርሙትን አንብቡ። ምድር ቤት የማይወርድ ደላላ ቤቱን አላየውም። ድርጅቱ ከድለላ ዋጋው ቀንሶ የመለሰልኝንማ ለመታጠቢያ ቤቱ መደገፊያ አስተከልኩበት፤ ግን እሱ ትርፍ ነው። ዋናው ነገር ጉልበቴ የማያፍርበት ቤት መግባቴ ነው።» ይህን ሲሉ እንደ ሰባኪ ጣታቸውን ይቀስራሉ፤ ትንሽ ያበዙታል፤ ግን እውነታቸውን ነው።

በኅዳር ወይዘሮ ቨርና አዲሱን ቤት ሊያዩ መጡ። እየዞሩ ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፤ መጋረጃውን ነካኩ፤ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያን ወሬ ታስታውሺዋለሽ? ከመኪናው የማይወርደውን ደላላ?»

«አንቺ እያለሽ ማን ይረሳዋል?»

«እህቴን ጠየቅኋት። የኢንተርኔት ሰው አይደለም ለካ፤ ሲቀባበሉት ነው እንዲያ የሆነው።» ወይዘሮ ቨርና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አቶ ሌስተር ናቸው። ዳሌያቸውን ታመው፣ ለሰው መናገር አፍረው ነው አሉ። ደረጃ መውጣት ካቃታቸው ቆይቷል።»